ቀዩ ቱቦና የሾርባው ክዳን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ኩኒሂኮ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? የሰሜኑ ብርድ እንዴት ይዞሃል? የባሕር ጨው እጅ ይሰነጥቃል ይላሉ፤ እጅህስ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን፤ እማዬን ጉልበቷን ብቻ ያማታል። ጤናህን ለወጉ ያህል የጠየቅሁህ እንዳይመስልህ። የመጨረሻው ፖስት ካርድህ ከመጣ አራት ወር አለፈው።

ትምህርትህን ከተውክበት ቤተ ሙከራ አሁንም ዕቃ አጥባለሁ። የመስታወት ዕቃውን በእሳት እየነፉ የሚሠሩት አባባ ሚያጂ ጠዋት ሲያዩኝ «አንቺ ድመት፣ ዛሬም ምላስሽን ቤት ረስተሽ መጣሽ?» ይሉኛል። በጓንቶቹ እጅህን አስገብተህ የምትሠራበት፣ አየር የማይገባበት ሳጥንህ እንዳለ ነው። ጥቋቁር የጎማ ጓንቶቹ በውስጡ ጋዝ ተነፍተው ወደ ውጭ እንደተዘረጉ ናቸው። በአጠገባቸው ሳልፍ ጣቶቹ ትንሽ የሚነቃነቁ ይመስለኛል፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ እሄዳለሁ።

ከእማዬ ጋር ተኳርፈህ ስትሄድ ሁለት እጄን ይዘህ ያስረዳኸኝን አልረሳሁም። ቀላሎቹ የካርቦን አተሞች በሁለት እጅ ሲያያዙ ሜዳ ላይ እንደተኙ ጠፍጣፋ ናቸው አልከኝ። ከባዶቹ የቆርቆሮ አተሞች ግን አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ጎብጦ፣ እንደተኳረፈ ሰው ትከሻቸውን አዙረው ነው የሚያያዙት፤ ሲሟሙ ይለቃቀቃሉ፣ ሲደርቁ ተመልሰው ይገናኛሉ። አየር ካገኛቸው ቀዩ ቀለማቸው ይሞታል። ከዚያ ይህንኑ ቀይ ዱቄት ይዞ የታሸገውን የመስታወት ቱቦ ሰጠኸኝና «ቀይ እስከሆነ ድረስ ደህና ነኝ» ብለህ ሳቅህ።

ከሦስት ሳምንት በፊት በቱቦው ውስጥ ያለው ቀይ ጫፉ ነጣ። አባባ ሚያጂ በማጉያ መነጽር አገላብጠው አዩት። «እኔው ራሴ ነኝ ያሸግሁት፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለውም» አሉኝ። የዚያን ቀን አልቀለዱም። አሁን ቀይ ሆኖ የቀረው የጥፍሬን ያህል ነው።

እማዬ እንደ ወጉ እራት ሲቀርብ የአንተንም ድርሻ በቦታህ ታስቀምጣለች። የሾርባው ክዳን ከውስጥ ጠል ከቋጠረ የሄደው ሰው ደህና ነው ይባላል። ቱቦው መንጣት ከጀመረ ወዲህ ግን ሾርባው እየጨሰ ክዳኑ ደረቅ ነው። የማቀርበው እኔ ስለሆንኩ ቀድሜ አየሁት። ጣቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ ክዳኑን ከውስጥ አረጥበዋለሁ። እማዬ ታነሳውና «አየሽ ያን ኩሩ! ምን ይሆናል ብለሽ ነው!» ትላለች።

ትናንት አውቶቡሱ ዘግይቶ ስደርስ ገበታው ቀርቦ ነበር። ክዳኑን አላረጠብኩትም። እማዬ ክዳኑን አነሳችው፤ ረጥቧል። «ደህና ነው» አለች፣ እኔን ሳታይ። የጣቷ ጫፍ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ሁለታችንም ሾርባችንን ጠጣን።

ጋሼ፣ ስለ ኩርፊያችሁ አልጠይቅህም። ፊትህን አዙረህም ቢሆን እጃችንን ያዝ። መጻፍ ካስጠላህ ባዶ ፖስታ ላክ፤ በእጅህ የተጻፈው አድራሻ ይበቃናል።

እማዬ እንደምጽፍልህ አታውቅም፤ ብታውቅ «ወፍራም ካልሲ ልበስ» ትልህ ነበር። አባባ ሚያጂ «ያ ሰነፍ ያዋስኩትን ጃንጥላ ራሱ ይዞልኝ ይምጣ፣ በፖስታ አልቀበልም» ብለውሃል።

እህትህ ሳዬ
ኡጂ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 1997