ፋብሪካው ያልነበረበት ዓመት

ሮተርዳም፣ ዓርብ ጥቅምት 15 ቀን 1978 ዓ.ም.

ዛሬ ቢሮ ጉድ ልሠራ ነበር። ያ የቀለም ፋብሪካ መርዙን በበርሜል እየሞላ ጓሮው ውስጥ ሲቀብር ኖሯል። አሁን ማዘጋጃ ቤቱ አፈሩን አስጠርጎ «ወጪውን ክፈል» ብሎታል። የፋብሪካው ጠበቃ፣ አለቃዬ፣ የድሮዎቹን የኢንሹራንስ ውሎች እንድፈልግ አዞኛል። ውሉ ጊዜው ቢያልፍም፣ ጉዳቱ የደረሰው በዘመኑ ከሆነ ኢንሹራንሱ ዛሬም ይጠየቃል ይላል።

እኔ ደግሞ አንድ አመል አለብኝ። በውሎቹ ላይ ዓመት ባየሁ ቁጥር ወደ እኛ አቆጣጠር እመልሰዋለሁ። ያን ጊዜ የት እንደነበርኩ ካላወቅሁ ደስ አይለኝም። ዛሬ 1963 የሚል ውል አግኝቼ በልቤ 1955 አልኩ፤ ለኢንሹራንሱ በሚሄደው ደብዳቤ ላይም 1955 ብዬ ጻፍኩት። ደግነቱ አለቃዬ ሳይፈርምበት አየው።

«አስቴር፣ ያኔ እኮ ፋብሪካው ገና አልተሠራም! ይህን ቢያዩ ኖሮ አንድ ሳንቲም አይከፍሉንም ነበር» አለኝ።

አፈርኩ። የአገሬን አቆጣጠር ሳስረዳው ሳቀና፣ «ለመሆኑ በእናንተ 1955 ምን ሆኖ ነበር?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

እውነቴን ነው፣ ምንም አልሆነም። ጅማ ነበርን። ሲመሽ እማማ ሁላችንንም በየስማችን ጠርታ ነበር በሩን የምትቀረቅረው። ያን ዓመት ጠርታ ያጣችው ልጅ አልነበረም።