የሌላውን ኮድ ሳያዩ የሠሩት ታላቅ ወንድማችን

ታላቅ ወንድማችን ከቁልፍ ሠሪው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1979 ዓ.ም. በሒሳብ ተመርቀው በአንድ መድን ድርጅት በፕሮግራመርነት አገለገሉ። በ1983 ዓ.ም. ከፋርማሲስቷ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

የዕድሜ ልክ ሥራቸውን የጀመሩት በ1991 ዓ.ም. ነው። አንድ ትልቅ ኩባንያ ፕሮግራም የሚጻፍበት መድረክ ሠርቶ መመሪያውን ለሕዝብ ሲያወጣ ኮዱን ግን ቆልፎ ያዘ። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው መመሪያውን ብቻ እያነበቡ አምሳያውን ከባዶ ጻፉ፤ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለውም በነጻ ፈቃድ ለቀቁት። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ የኩባንያውን ኮድ ያየ ሰው አይጽፍም። ባልደረቦቻቸው «አላየሁም» የሚል ቅጽል ስም ያወጡላቸው ለዚህ ነው።

ችግሩ እኔ ነበርኩ። ታናሽ ወንድማቸው የዚያው ኩባንያ ተቀጣሪ ነኝ፤ የእርሳቸውን ሥራ እንዳላይ መሥሪያ ቤቴም ከልክሎኛል። ስለዚህ እሑድ እሑድ አንድ ገበታ ቀርበን ስለ ኳስ፣ ስለ ጥርስ ሕመም፣ ስለ ጎረቤት እንጫወታለን። እኔ ተዘናግቼ ሥራ ካነሣሁ እርሳቸው ተነሥተው እጃቸውን ይታጠባሉ። በአንድ ምሳ አራት ጊዜ የታጠቡበት ቀን አለ።

በ1996 ዓ.ም. እኔ ቤት መነጽራቸውን ሲፈልጉ፣ ከፍቼ በተውኩት ኮምፒውተር ላይ አንድ ገጽ የኩባንያውን ኮድ አዩ። ማንም አላወቀባቸውም። በማግስቱ ግን ለባልደረቦቻቸው ተናገሩ፣ በመዝገብ አሰፈሩ፤ የሰባት ወር ሥራቸውንም ሰርዘው ሌላ ሰው እንደ አዲስ እንዲጽፈው ሰጡ። ባለቤታቸው «ምነው ዐይንህን ጨፍነህ በገባህ!» ብለው ተናደዱ።

በ2000 ዓ.ም. ኩባንያው «ኮዴን ሰርቀዋል፤ ነጻ ፈቃዱ ይሰረዝ» ብሎ ከሰሳቸው። ማስረጃው ዝምድናችን ነበር። ቢሸነፉ የዘጠኝ ዓመት ልፋት ከሕዝብ እጅ ይወጣ፣ ስማቸውም በሌብነት ይነሣ ነበር። ለምስክርነት ቀርቤ ዳኛው ስለ ሥራ ምን እንደምንነጋገር ሲጠይቁኝ «ክቡር ዳኛ፣ ሥራ ካነሣሁ ጋሼ እጃቸውን ሊታጠቡ ይነሣሉ እኮ!» አልኩ፤ ችሎቱ ሳቀ። ያችን ገጽ ማየታቸውን ያሰፈሩበት መዝገብም ቀርቦ ክሱ ውድቅ ሆነ። እኔም የልጆች አባት ነኝና ሥራዬን አልለቀቅኩም፤ ዝምታችንም ቀጠለ።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። እኔ ጡረታ የምወጣው የፊታችን መስከረም 3 ነው። ያን ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቁጭ ብለው የሃያ ስድስት ዓመት ሥራቸውን ሊያጫውቱኝ ተቀጣጥረን ነበር። ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ። አንጀቴ አሯል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ጋሼ፣ ከቀጠሯችን አልቀርም፤ ሥራዎን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ብቻዬን አነባለሁ። ፈጣሪ ነፍስዎን በሰላም ያኑርልን።