አቶ ኤርጫፎ ደበሌ እና የወይዘሮ አገርነሽ ከብቶች

አቶ ኤርጫፎ ደበሌ ከአባታቸው ከአቶ ደበሌ ዳልጮ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፈሽ ካሱ በ1954 ዓ.ም. በዶርዜ ተወለዱ። አባታቸው ሸማኔ ነበሩና ልጃቸው ሙያውን እንዲወርሱ ይመኙ ነበር። የልጃቸው እጅ ግን ከክሩ ይልቅ ለከብት የቀለለ ሆነ፤ የጎረቤት ላም ምጥ ሲጠናባት ከስድስተኛ ክፍል ትምህርታቸው ላይ እየተጠሩ ይሄዱ እንደነበር እናታቸው ሲያወሩ አይጠግቡም ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአርባ ምንጭ በ1975 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም ሥልጠና ወስደው በ1977 ዓ.ም. የእንስሳት ጤና ረዳት ሆነው ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስም ከአባያ ዳርቻ እስከ ደጋው ጫፍ በእግርም በመኪናም እየተዘዋወሩ አገልግለዋል። ገጠሬው «ዶክተር» ይላቸው ነበር። ዶክተር አልነበሩም፤ የጠራቸውንም ሰው አርመው አያውቁም።

በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሳባ ዮናስ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ፀደይን፣ ዳግምን እና ዕድላዊትን ወልደዋል። ልጆቻቸውን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

እስከዚህ የተነበበው ለቀስተኛ ሁሉ የሚጠብቀው ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ሟቹ ራሳቸው ይነበብ ብለው ያዘዙት ስለሆነ ቤተሰቡ እያፈረ ያስነብበዋል።

በሚያዝያ ወር 1999 ዓ.ም. አቶ ኤርጫፎ በካምባ ወረዳ ወደሚገኝ አንድ የደጋ ቀበሌ የከብት ሳንባ በሽታ ክትባት ይዘው ተላኩ። ይህ ክትባት ቅዝቃዜው ከለቀቀው ከውኃ አይሻልም። በመንገድ ላይ ወዳጅ አገኙ፤ ምሳ ተጋበዙ፤ የበረዶ ሣጥኑን መኪናው ጣሪያ ላይ ለፀሐይ ትተው ጨዋታ ያዙ። ቀበሌው ደርሰው ክዳኑን ሲከፍቱ በረዶው ቀልጦ ውኃው ለብ ብሎ ነበር። ደንቡ ክትባቱን ጥሎ መመለስ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ከብቱን እየነዳ ወጥቶ ሲጠብቃቸው ውሏል፤ «ዶክተር መጡ» ብሎም እልል ብሏል። ተመለሱ ለማለት ይሉኝታ ያዛቸው። ሰማንያ አራት ከብት በተበላሸ ክትባት ወጉ፤ ተከትቧል ብለውም መዝገብ ላይ ፈረሙ።

በሁለተኛው ወር በሽታው ገባ። ከሁሉም የከፋው በወይዘሮ አገርነሽ ባርኮት ደጅ ሆነ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አራት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ አራት ላምና አንድ በሬ አለቁባቸው። ያን ጊዜ «ጎሜ አለባት» ተባለ። ጎሜ፣ ክልክሉን የተላለፈ ሰው በቤቱ ላይ የሚስበው መቅሠፍት ነው። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። «ልጄ፣ የደበቅሽውን አውጪውና ይቅለልሽ። ዶክተሩ ወግቶልሽ ሳለ ከብቱ በምን ይሞታል?» አሏቸው። ወይዘሮ አገርነሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም የለብኝም ብለው ጸኑ። ሰው ከቤታቸው እሳት መጫር ሲተው፣ ልጆቻቸውም ከጨዋታ ሲገለሉ ግን አልቻሉም። በዱቡሻው፣ ሕዝብ በሚሸመገልበት አደባባይ ቆመው፣ «የጎረቤቴን ድንበር ገፍቻለሁ» ብለው ያላደረጉትን ተናዘዙ። በግ ታረደ፤ ከእንሰታቸው መሬትም ተቆርጦ ለጎረቤት ተሰጠ።

አቶ ኤርጫፎ በዚያ ቀን እዚያው ነበሩ። እንደ ክቡር እንግዳ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጠው ሰሙ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ከበጉም ቀረበላቸውና በሉ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ምክንያት እየፈለጉ ወደ ካምባ ይወጡ፣ የሴትዮዋን ጊደር ያክሙ፣ «ዶክተሬ፣ እድሜ ይስጥልኝ» ተብለው ተመርቀው ይመለሱ ነበር። ምርቃቱ ያቃጥላቸው እንደነበር ለባለቤታቸው ተናግረዋል። ለንስሐ አባታቸውም ቢናዘዙ፣ «ልጄ፣ ለእኔ የነገርኸኝን ለእርሷ ንገራት፤ የእኔ ላም አልሞተችም» አሏቸው።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ለወይዘሮ አገርነሽ እውነቱን ሊነግሩ ቁርጥ አድርገው ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ መናኸሪያ ሊወጡ ሲሉ፣ ይህን የምትጽፈው የመጀመሪያ ልጃቸው ፀደይ በሩ ላይ ቆመችባቸው። «አባዬ፣ ከስንት ዓመት በኋላ? የእኛንስ ስም አታስብም?» አለቻቸው። ጋቢያቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ ወሬውንም ደግመው አላነሡም። ፀደይ ያን ቀን ስትጠብቅ የነበረው የአባቷን ክብር ሳይሆን የራሷን እንደነበር፣ አፍራ ትናገራለች።

አቶ ኤርጫፎ ከ2016 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሆስፒታልም በቤታቸውም ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት ፀደይን ወረቀት አስይዘው ሁሉንም አስጻፏት። «ወይዘሮ አገርነሽ በአደባባይ ያጡትን ስም እኔ በጓዳ ልመልስላቸው አይገባም» አሉ። «ሳይነበብ አፈር እንዳትመልሱብኝ» ሲሉም አስማሏት።

አቶ ኤርጫፎ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን እና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ወይዘሮ አገርነሽ ስልክ በተደወለላቸው ጊዜ ለምን እንደተፈለጉ እንኳ አልጠየቁም፤ «ዶክተሬን ሳልቀብር?» ብለው ከሁለት የቀበሌያቸው ሽማግሌዎች ጋር ተነሥተው መጡ። ትናንት ከሴቶቹ መካከል ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ ያመሹት እናት እርሳቸው ናቸው። ቤተሰቡ እንባቸውን እያየ አስቀድሞ ሊነግራቸው ድፍረት አጣ። የሚሰሙት አሁን፣ ከእናንተ እኩል ነው።

ከካምባ የመጣችሁ አባቶች፣ ይህን ወደ ዱቡሻችሁ ውሰዱልን፤ ወይዘሮ አገርነሽ ድንበር አልገፉም፣ ጎሜም የለባቸውም። ወይዘሮ አገርነሽ፣ ቤተሰቡ በፊትዎ «ነፍስ ይማር» ብሎ ለመጀመር አፍሯል። ከፈቀዱ እርስዎ ይጀምሩልን። ካልፈቀዱም እውነትዎ ነው፤ ዝም ብለን እንቀብራቸዋለን።