እናታችን ከመርከብ የወረደችበት ቀን

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለኬልቪን፤

እስካለህበት እስከ አውስትራሊያ በረሃ ድረስ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ማዕድን ማውጫው ውስጥ ጎንበስ ቀና እያልክ ታባብሰዋለህ? ሻሮንስ ደህና ናት? ልጆቹስ? የቲሊ የፊት ጥርስ ወለቀ ብለኸኝ ነበር፤ አዲሱ በቀለላት? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን፤ ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም። እማዬም ደህና ናት። ይህን «ደህና» ስልህ በስልክ ለማጽናናት የምልህን ዓይነት እንዳይመስልህ፤ የእውነቱን ነው። እንዴት እንደሆነ ላጫውትህና ተቀምጠህ አንብበው።

እንደምታውቀው ይህን የአላስካ የመርከብ ጉዞ የከፈልንበት እማዬ ሳንባዋን ከመታመሟ በፊት ነው። ከሆስፒታል ስትወጣ ከአልጋዋ ተነስታ መታጠቢያ ቤት እስክትደርስ ግድግዳ ትደገፍ ነበር። እኔም ሎይድን ከነውሻው ቤታችን ትቼ እሷ ቤት ገባሁ፤ ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሶፋዋ ላይ ነው የምተኛው። አንተ ደግሞ በስልክ «ጉዞውን እንደምንም ጨርሱት፤ በመስከረም መጥቼ ቤቱን እንሸጥና መጦሪያ ትግባ፤ ብቻዋን እንዴት ትኖራለች?» አልከኝ። አልተቀየምኩህም፤ እኔም አፍ አውጥቼ አልናገረው እንጂ ያሰብኩት ነገር ነው። እንዲያውም ስነሳ በልቤ ወስኜ ነበር። ከመርከቡ ወርዳ ጉብኝቱን እስከ መጨረሻው ከዘለቀች ቤቷ ትቀመጣለች፤ ካቃታት አንተ ያልከው ይሆናል። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም።

መርከቡ ላይ፣ ወደብ በደረስን ቁጥር ወርደው ለሚጎበኙ ሰዎች ሽርሽር የሚሸጥበት ጠረጴዛ አለ። እዚያ የሚሠራው ሮሜል የሚባል ትሑት ፊሊፒናዊ ነው። እኔ ገና ከሳስካችዋን ሳንነሳ መርጬ ጨርሼ ነበር፤ በትልቅ አውቶቡስ ተቀምጦ የሲትካን ከተማ መዞር። ወረቀቱ ላይ የተሣለው የሚራመድ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ሽርሽሩ ቀላል ነው ማለት ነው። ሦስት ሰው ከተሣለ ዳገት አለበት ማለት ነው። ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት እማዬ እጄን ያዘችኝና «የኔ ልጅ፣ አውቶቡሱ መሀል ላይ ቢደክመኝ ይመልሰኛል?» ብላ ሮሜልን ጠየቀችው። «አይ እማማ፣ ሁሉም ሰው አይቶ ሲጨርስ ነው የሚመለሱት» አላት።

«እንግዲያው ይቅርብኝ» አለች። «እኔም አውቶቡስ ነጂ ነበርኩ። አንዱ ሆዴን ቆረጠኝ ስላለ ብቻ አውቶቡስ ሙሉ ልጅ ይዤ ዞሬ አላውቅም። ለእኔስ ብሎ ማን ይዞራል?» እኔ ደግሞ «እማዬ፣ ይኼኛው እኮ መራመድ የለበትም፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው» ስላት፣ «መቀመጥማ ቤቴስ መች አነሰኝ! ለመቀመጥ ነው እንዴ እዚህ ድረስ የጎተትሽኝ?» አለችኝ። ሮሜል ሳቁ እንዳያመልጠው ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመረ።

ትዝ ይልሃል አይደል፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል እኔንና አንተን ባዶው አውቶቡስ ላይ ጭና በጠጠሩ መንገድ ሁሉ ስትዞር? እኛ ሽርሽር መስሎን ከወንበር ወንበር እንዘል ነበር። እሷ ግን በየገበሬው በር እየቆመች የምታየው፣ በክረምት በረዶ መንገዱን ቢዘጋባት አውቶቡሱን የት አዙራ እንደምትመለስ ነበር። መንገዱ ይረዝማል ወይ ብላ ስትጨነቅ አላየሁም፤ የምትጨነቀው ለመዞሪያው ነው። ሮሜል ፊት ቆማም ያደረገችው ያንኑ ነው። መጸዳጃው የት ነው፣ ማረፊያ ወንበር አለ ወይ፣ መመለስ ስፈልግ ማን ያመጣኛል እያለች ልጁን መውጫ መግቢያ አሳጣችው። እሱም ነገሩ ጥሞት ከወንበሩ ተነስቶ ከእሷ ጎን ቆመና አብሯት መረጠ። በመጨረሻ ያገኙት ቪዳ የምትባል የአገሩ ሴት በራሷ ሚኒባስ ጥቂት ሰው ይዛ የምትሄድበትን ነው። ቦታው ቅርብ ነው፤ ሳልመን ዓሣ ከባሕር ሽቅብ ወደሚወጣበት ወንዝ የሚወስድ የእንጨት መንገድ አለው፤ በየመሀሉ ወንበር አለ፤ የደከመውን ሰው ቪዳ ወዲያው ትመልሰዋለች።

እንግዲህ እኛ ከስንዴ ማሳ በቀር የማናውቅ የሜዳ ሰዎች አንድ ነገር ሳናስብ ቀረን። መርከብ ሁሉ እንደ ባቡር ጣቢያው ድረስ የሚገባ መስሎናል። ያ የሚራመድ ሰው ሥዕል የሚናገረው ከወረዱ በኋላ ስላለው መንገድ ነው እንጂ ስለ መውረዱ አይደለም። መርከባችን ለካ ባሕሩ መሀል መልሕቁን ጥሎ ቆሟል፤ ሰው ወደ ከተማው የሚሄደው በትንሽ ጀልባ ነው። ወደ ጀልባዋ የሚያወርድ የብረት ደረጃ አለ፤ ከታች ጀልባዋ ከፍ ዝቅ ትላለች። እማዬ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስትደርስ የብረቱን መደገፊያ ይዛ ቆመች።

«በቃ እማዬ፣ እንመለስ» አልኳት። «ዝም በይኝ እስቲ፣ እያየሁ ነው» አለችኝ። ከኋላችን የተሰለፈ አንድ ሰውዬ ማጉረምረም ሲጀምር ዞር ብላ «ጌታው፣ ከቸኮልክ እለፍ፤ ቀድመህ ዓሣዎቹን መምጣቴን ንገርልኝ» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም እየሳቀ አለፈ። እሷ ደግሞ እሱ እንዴት እንደገባ ልብ ብላ አየች። መርከበኞቹ ሰው የሚያሳልፉት ጀልባዋ ከፍ ስትል ብቻ ነው። ያን ካየች በኋላ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ «በሉ ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ያዙኝ፤ እግሬን አላምነውም» አለቻቸው። ኬልቪን፣ ሆስፒታል እያለች ነርሶቹን «አትንኩኝ፣ ራሴ እነሳለሁ» እያለች ስታስለቅስ የከረመች ሴት ናት ይህን ያለችው! ጀልባዋ ከፍ አለች፤ እሷም ተራመደች፤ ገባች። ከእሷ ይልቅ ያላበኝ እኔን ነበር።

ቪዳ የአገሩ ነባር ከሆነው ከትሊንጊት ሕዝብ ናት፤ ሳቂታና ነገር አዋቂ። ወንዙ ጋ ስንደርስ «ድብ ከመጣ እንዳትሮጡ፤ ከኋላዬ ቁሙ። ወፍራሟ እኔ ስለሆንኩ በእኔ ይጀምራል» አለችን። እማዬም ቀበል አድርጋ «እኔን ከፊት አቁሚኝ፤ የዋጥኩት መድኃኒት ሲሸተው ጫካውን ለቆ ይሄዳል» አለቻት። ከዚያ በኋላማ የልጅነት ጓደኛሞች መሰሉ።

የእንጨቱ መንገድ በትልልቅ ዛፎች መሀል ያልፋል፤ ጫፉ ላይ ዓሣዎቹ የሚዘሉበት ፏፏቴ አለ። እማዬ ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች ሄደች፤ ባገኘችው ወንበር ሁሉ አረፈች። ከመጨረሻው ወንበር ተነስተን ጥቂት እንደሄድን ውሃው በቅጠሎቹ መሀል ነጭ ሆኖ ታየን። «ደረስን እማዬ! ይቺን ታህል ነው የቀረሽ!» አልኳት። እማዬ ግን ቆመች። ወደ ኋላ ዞራ ወንበሩን አየች፤ እንደገና ወደ ፏፏቴው አየች። «የኔ መዞሪያ እዚህ ነው» አለች።

ለመንኳት። እኔም ቪዳም እንደግፍሻለን አልኳት። ለምን እንደለመንኳት ይገባሃል፤ በልቤ ያሰናዳሁላትን ፈተና እንድታልፍልኝ ነው። እሷ አልተቆጣችም፣ ፊቷም አልጠቆረም። «እዚያ መድረሱንስ እደርሳለሁ፤ መመለሻ ጉልበት ነው የማይኖረኝ። እኔ ከቪዳ ጋር ልጫወት፤ አንቺ ሂጂና አይተሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ሄድኩ። ዓሣዎቹ ጀርባቸው ተልጦ፣ ከድንጋዩ ጋር እየተላተሙ ይዘላሉ፤ ይወድቃሉ፤ ደግሞ ይዘላሉ። ሽታቸው ግን፣ አልዋሽህም፣ አፍንጫ ያስይዛል። ቆሜ ሳያቸው ብዙ ቆየሁ። እማዬ አሁን ምን ሆና ይሆን ብዬ አለማሰቤ ትዝ ያለኝ ከዞርኩ በኋላ ነው። ስመለስ አንተን ትምህርት ቤት ረስታህ የሄደችበትን ቀን ለቪዳ እየነገረቻት ሁለቱም በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ከታመመች ወዲህ ጉንጯ እንዲያ ቀልቶ አላየሁትም።

ወንድሜ፣ ያስፈራኝ የነበረው ምን መሰለህ? ብቻዋን ስትሆን አቅሟን ሳታውቅ በረዶ እጠርጋለሁ፣ መሰላል እወጣለሁ ብላ ወድቃ ትቀራለች ብዬ ነው። ፏፏቴው እየታያት፣ እየጓጓች፣ የዞረችው ሴት ግን አቅሟን ከእኔም ከአንተም አብልጣ ታውቃለች። እንዴት እንደኮራሁባት ልነግርህ አልችልም። ወደ መርከቡ ስንመለስ ጀልባዋ ላይ እጄን ያዘችና «ኮሪን፣ ቤት ስንገባ ልብስሽን ሰብስቢና ወደ ባልሽ ግቢ። ሶፋዬንም አጎበጥሽው። ለኬልቪንም ጻፊለት፤ መምጣቱን ይምጣ፣ ቤት ገዢ ይዞ ግን እንዳይመጣብኝ» አለችኝ። የተባባልነውን ሁሉ ሰምታ ኖሯል! አፈርኩም፣ አለቀስኩም። እንግዲህ ቃልሽን ስጪ ብትለኝ ይኸው፤ ቤቱ አይሸጥም። በመስከረም ና፤ የምትመጣው ግን እናትህ ጋ በእንግድነት ነው።

ሻሮንን አቅፈህ ሳምልኝ። ለቲሊ ዓሣዎቹን በፎቶ አንስቼላታለሁ፤ ጆናስን ደግሞ አክስትህ ድብ ሳይበላት ተመልሳለች በለው። ሎይድም ከቤት ሲደውል ሰላም በይልኝ ብሎኛል። እማዬ ራሷ ሁለት ቃል እንድትጽፍልህ እስክሪብቶውን ልሰጣት ነበር፤ ግን ራበኝ ብላ ወደ እራት አዳራሹ ሄዳለች። ብቻዋን ነው የሄደችው፤ አልተከተልኳትም።

የምትወድህ እህትህ ኮሪን

ከመርከቡ ላይ፣ ሲትካ፣ አላስካ
ኦገስት 17 ቀን 2019