የሠርግሽ ቀሚስ ጥልፍ

ይድረስ ለእህቴ ለውብአለም፣

አዲስ አበባ ላይ ሙሽርነት እንዴት ይዞሻል? እኛ ስካርቦሮ ደህና ነን፤ በረዶው ግን እንደ ቸርቻችን ሽማግሌ ጸሎት አላልቅ ብሏል።

ትናንት ከፓኪስታን የመጡት ጎረቤታችን አንቲ ሳሊሃ ለዒድ ልብስ ሊያዙ ስልካቸውን ይዘው መጡ። «‹ኤምብሮይደርድ› ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ እማዬ የምትጠልፈውን የሠርግሽን ቀሚስ አሳየኋቸው። «ካርሃይ!» አሉ፤ በኡርዱ ጥልፍ ማለት ነው። የከሰዓቷ ፀሐይ ወርቃማው ክር ላይ አርፋ፣ ክፍሉ በሙሉ ማር ውስጥ የሚንሳፈፍ መሰለኝ። አንቲ ሳሊሃ ጥልፉን በጣታቸው ቀስ እያሉ ተከተሉት፤ መስመሩን የሳተበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። እማዬን ቀና ብለው አዩዋት።

እማዬን ደግሞ ታውቂያት የለ! «የካናዳ መርፌ ቀዳዳው ጠባብ ነው» ትላለች። አምፖሉንም «ሰነፍ» እያለች ሦስቴ አስቀይራናለች። እኔ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቼ መጋረጃው ላይ እሰካላታለሁ። ስመለስ ክሩ አልቋል። ማን እንዳስገባው ጠይቃኝ አታውቅም።

ውቤ፣ ሠርጉን ከከርሞ ጥር ወደ ዘንድሮ ሚያዝያ ማምጣት አይቻልም? እንዲሁ ነው የጠየቅሁሽ። እማዬ ከነቀሚስሽ በደንብ ታይሽ ብዬ ነው።

እጮኛሽን ሰላም በይልኝ፤ እግዚአብሔር ቶሎ ያገናኘን።

ናፋቂሽ ፌበን