መርፌ የሚወጋኝ ሰው

ጥለሽኝ ለሄድሽው ሚስቴ፣

እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? እናትሽስ ደህና ናቸው? ስሜ ሲነሳ አሁንም ፊታቸውን ያጠቁራሉ? እኔ አለሁ። የከባድ መኪና ጎማ ብቻውን የሚያነሳ ጎሚስታ በዚህ ሰፈር ከኔ ሌላ የለም። አልነበረም ልበል።

ሆስፒታል ነበርኩ። አትደንግጪ፣ እኔም አልደነገጥኩም። ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ አለችኝ ሐኪሟ። ሰው ሲደነግጥ፣ ሲታመም ጉልበት የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ጨውና የደም ግፊትም የሚጠብቁት እነሱ። የኔዎቹን የገዛ ሰውነቴ ጨርሷቸዋል። እኔን የሚጥል ከኔ ሌላ ማን አለና።

ያኔ እንደዛ የጠቆርኩት ፀሐይ መትቶኝ አልነበረም። ምግቡ ጨው የለውም እያልኩ የምነዘንዝሽም ለካ በዚሁ ነው።

የዕድሜ ልክ ኪኒን ሰጡኝ። ከዛ አንድ ቀን ሆዴ ተበላሽቶ ሲያስመልሰኝ አደረ። በባዶ ሆድ መድኃኒት አይወሰድም ሲባል ነው ያደግኩት፣ ተውኩት። ለካ ሲታመሙ ነው እጥፍ የሚወሰደው፤ ኪኒኑ ሆድ ውስጥ አልረጋ ካለ ደግሞ መርፌ። መኪና የምናነሳበትን ክሪክ እንደያዝኩ ወደቅኩ። አለቃዬ «ይሄ ጉረኛ ሊያስቀን ነው» ብሎ ትንሽ ቆሞ አየኝ አሉ። ከዛ ነው አፍሶ የወሰደኝ።

ሐኪሟ፣ ደግሞ እንደዛ ሆነህ ቶሎ ካልተወጋህ ሆስፒታል አትደርስም፣ መርፌውን ቤት የሚወጋህ ሰው ይማር አለች። ማን አለህ አለችኝ። ጓደኛ በሽ ነው አልኳት። ቤትህ የሚያድር ስትለኝ ያንቺን ስም ነገርኳት። አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ሻንጣሽን ስታወጪ ከአልጋ ያልተነሳሁት፣ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው። «እንጨት ነህ፣ አትሂጂ እንኳ አትልም» አልሽኝ። አላልኩም። አፌን መክፈት ጎማ ከማንሳት ከብዶኝ ነበር። ይቅርታ እየጠየቅኩ አይደለም፣ እንድታውቂው ነው።

የሆስፒታሉ ነርስ መርፌ አወጋግ የምታስተምረው ማክሰኞ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ብርቱካን ላይ ነው የሚያስወጉት፣ ቀላል ነው። እኔን ለመውጋት ደግሞ ካንቺ የበለጠ የሚቸኩል የለም። ካልመጣሽም ምንም አይሰማኝም፤ ሰሞኑን ምንም አይሰማኝም። በሩን ግን ማታ ከውስጥ አልቆልፈውም። ሐኪሟ ናት አትቆልፍ ያለችኝ።

ጤናሽን አይንሳሽ። የእናትሽንም ዕድሜ ያርዝመው፣ እየረገሙኝም ቢሆን ይኑሩልሽ።

ባልሽ