ወንበሩ እንዳልከው ሆነ

ሙሌ ዓለሜ፣

ትናንት የመንፈቅህን ዝክር አወጣን። ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው፣ ጎረቤቱም ቀማምሶ ከወጣ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልብኝ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ግማሽ ዓመት ከአንተ ጋር ሳላወራ ኖርኩ ማለት ነው።

ቤታችን እንደተውከው አይደለም። ላሟን ሣር የሚያጭድላት ስለጠፋ ጎረቤታችን ሰይድ ወስዶ ይጠብቅልኛል። የጓሮው ጌሾ ደርቋል። የመካነ ሰላም መንገድ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ደሴ ሐኪም ቤት ሳላደርስህ ያስቀረኝ እሱ ነውና፣ አሁን መኪና ሲያልፍበት ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

የመጨረሻ በጋችንን ታስታውሳለህ? ዮናሳችን ሊቢያን አልፎ፣ ባሕሩንም ተሻግሮ እንግሊዝ ገባ ብለን እልል አልን። ደስታችንን ሳንጠግብ የዚያ አገር መንግሥት በጀልባ የገባውን ሁሉ በአውሮፕላን ጭኜ ወደ ሌላ የአፍሪካ አገር እሰዳለሁ አለ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ካሸነፍን እናስቀረዋለን አሉ። ከዚያ ወዲያ ሥራህ ሁሉ የእንግሊዝ ምርጫ ሆነ። በእጅህ የሣልከውን የእንግሊዝ ካርታ ግድግዳው ላይ ሰቅለህ፣ ራዲዮኑን ጆሮህ ላይ ለጥፈህ፣ ይህ የፓርላማ ወንበር ለገዢው፣ ይህ ለተቃዋሚው እያልክ በእርሳስ ታቀልማለህ። ኔትወርክ ሲመጣ ልጅህን በላህ ወይ ብለህ አትጠይቀውም፤ ያለበት ከተማ ሰው ምን ያወራል፣ በየመስኮቱ የማን ፓርቲ ወረቀት ተለጥፏል ትለዋለህ። እኔ እናደድ ነበር።

«እንደኛው ነው» ትለኛለህ፤ «አንድ ወረዳ አንድ ወንበር፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ይወስዳል። የዮናስ ከተማ የገዢው ፓርቲ ርስት ነበረች። አሁን ግን ደጋፊዎቹ ለሁለት ተከፍለዋል። እነሱ ሲሻሙ ተቃዋሚው ወንበሩን ያነሳዋል።»

ሰይድ ይስቅብሃል። «አያ ሙሉጌታ፣ የፈረንጅ ወንበር ለኛ ምን ይፈይዳል? ይልቅ ዱዓ አድርግ!»

«ዱዓውን አንተ ያዝ፣ ቆጠራውን እኔ ልያዝ» ትለዋለህ።

ምርጫው ሳይደርስ አንተ ሄድክ።

ለዮናስ አልነገርነውም። መርዶ በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚነገረው፤ እዚያ ማን ይይዘዋል? ብቻውን ባለበት በስልክ መንገር መግደል መሰለኝ።

ምርጫው እንዳለፈ ደወለ። ከደስታው ብዛት ይጮኻል። «እማዬ! ወንበሩን ተቃዋሚው ወሰደው! ልክ አባዬ እንዳለው! መንግሥቱም ተቀየረ፤ አውሮፕላኑም ይቀራል እያሉ ነው። ስልኩን ስጪው!»

«ጉሮሮውን አሞት ድምፁ ተዘግቷል» አልኩት።

«እሺ፣ አንቺ ንገሪው። ምን አለ? ሳቀ?»

«ሳቀ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ካርታህ ሥር ተዘረጋሁ።

ደስታውም አልሰነበተም። አውሮፕላኑ ቀረ፤ የዮናስ የጥገኝነት ማመልከቻ ግን ውድቅ ሆነ። የደረሰበትን ሁሉ ነግሯቸው አላመኑትም። ይግባኝ ብሏል፤ ድምፁ ውስጥ ግን ተስፋ የሚባል ነገር የለም። ያን ሁሉ ወንበር ስትቆጥር ይህ ቀን እንዳለ ለሁለታችንም አልታየንም።

«እማዬ፣ አደራ ለአባዬ እንዳትነግሪው» አለኝ። «ያን ያህል ደክሞልኛል፤ ይሰበራል።»

«አልነግረውም» አልኩት።

ይኸው ነገርኩህ። ከአንተ ሌላ ለማን ልንገር?

ሰይድ «መርዶ አይደበቅም፤ አላህም አይወደውም፣ ንገሪው» ይለኛል። እኔ ግን አፌ አልከፈት አለኝ። ይግባኙ ካልሆነለት ይመልሱታል አሉ። ያኔ በሩን ሲገባ ዓይኑ የሚፈልገው አንተን ነው፤ የሚያየው ግን ጥቁር ልብሴን። ያን ቀን ሳስበው ልጄ ይምጣ ብዬም፣ አይምጣ ብዬም መጸለይ ያቅተኛል።

ቃል የምገባልህ አንድ ነገር ብቻ ነው። መቼም ይሁን ሲያውቅ፣ የመጨረሻ ቀንህን አንድ ሳላስቀር እነግረዋለሁ። ትንፋሽ አጥሮህ የእኔን ስም እንኳ መጥራት ሲያቅትህ፣ የዚያችን የእሱን ከተማ ስም ስትጠራ ከራስጌህ ሆኜ ሰምቻለሁ። ዛሬም ስሟን አጥርቼ መጥራት አልችልም። አንተ ስትጠራት ግን እንዴት እንደነበር እስክከተልህ ድረስ ከጆሮዬ አይወጣም።

ባለቤትህ